የአንድ ሰዓት መንገድ

በላውንደሪው የሚተኩሱትን ሴት ሁሉም «እትዬ ካውያ» ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ይግላሉ፣ ከጋሉ ደግሞ በቀላሉ አይበርዱም። የሸሚዝ ኮሌታ ግን እንደሳቸው የሚያቆም የለም።

አንድ ልጅ አላቸው። ከስምንት ዓመት በፊት ባሕር ማዶ ሄደ። የሄደ ዕለት ትኬቱን ተቀብለው አነበቡት፤ መነሻ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ መድረሻ አራት ሰዓት ይላል። «በቃ፣ ይቺው ናት?» አሉና ዕንባቸውን ጠረጉ። እኅታቸው ቤት በአውቶቡስ ለመድረስ እንኳ ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዚያ ሰሞን ለሠፈሩ ሁሉ «ልጄ እኮ እዚሁ ነው፤ ብጠራው ይሰማል» እያሉ ይኩራሩ ነበር።

እያደር ግን ያቺ አንድ ሰዓት እሾህ ሆነችባቸው። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፣ ልጁ የለም። «ሥራው አልለቅ አለኝ እማዬ» ሲላቸው «ለአንድ ሰዓት መንገድ!» ይላሉ በሆዳቸው። በአፋቸውማ አይሉትም፤ ልጅን ና ብሎ መለመን ሞታቸው ነው። አባቱ ጠዋት አርፎ ከሰዓት ሊቀበር ሲል ልጁ ደውሎ እያለቀሰ «ለቀብሩ አልደርስም» አለ። ያኔ ቆረጠላቸው። «አትድከም» ብለው ስልኩን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲደውል አያነሱም። ስልኩ ጮሆ ጮሆ ሲያበቃ ግን ካውያውን አቁመው የስልኩን መስተዋት በቀሚሳቸው ጫፍ ይወለውሉታል። ይናፍቃቸዋል፣ ምን ያድርጉ! ቂሙም ናፍቆቱም አንድ ሆድ ውስጥ ነው ያሉት።

ባለፈው ሳምንት እኩለ ቀን ላይ አንዲት ሆስተስ ዩኒፎርሟን ልትወስድ መጣች። እግሯ አብጦ ነጠላ ጫማ አድርጋለች።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ማታ ነው ከበረራ የገባሁት» አለችና የልጃቸውን ከተማ ስም ጠራች።

የእትዬ ካውያ ፊት ተለወጠ። «ለአንድ ሰዓት መንገድ እንዲህ መሞላቀቅ!»

«የምን አንድ ሰዓት እትዬ? ሰባት ሰዓት እኮ ነው የምንበረው!»

«ተይኝ እባክሽ! ሦስት ሰዓት ተነስቶ አራት ሰዓት ይገባል። በዓይኔ አንብቤዋለሁ።»

ሆስተሷ ሳቀች። «መድረሻውማ የተጻፈው በእነሱ ሰዓት ነው። እዚያ አራት ሲሆን እዚህ አስር ይሆናል። አሁን እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል አይደል? እዚያ ገና ሊነጋ ነው።»

እትዬ ካውያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አንድ እጅጌው ብቻ የተተኮሰ ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። «አልደርስም» ያለው ድምፅ መጣባቸው። ልጁ እውነቱን ነበር፤ ቢበርም አይደርስም ነበር። እሳቸው ግን «አትድከም» ብለውታል።

ሆስተሷ እንደወጣች ደወሉ። ገና አንዴ እንደጠራ ተነሳ።

«እማዬ? ምን ሆንሽ? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ከእንቅልፍህ ቀሰቀስኩህ?»

«ግድ የለም፣ ግድ የለም። ብቻ አትዝጊው።»

በስምንት ዓመት አንድም ቀን ጠይቀውት የማያውቁትን ጠየቁት። «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?»

«አስራ ሁለት ሊሆን ነው። ገና አልነጋም።»

እትዬ ካውያ በመስኮቱ አሻግረው የቀትሩን ፀሐይ አዩ። ባኮረፉበት ጊዜ ሁሉ ቅርብ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ሲታረቁት ራቀባቸው።

«ሩቅ ነህ ለካ፣ ልጄ» አሉ።

ከዚያ ማዶ ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

«ሩቅ ነኝ እማዬ» አለ። «በጣም ሩቅ ነኝ።»