በጎን የተሳለችው ሴት

ለመመረቅ አንድ ትምህርት ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ የአውሮፓ ሥዕል ታሪክ። ከወደቅኩ ዓመቱን ልደግም ነው። የመጨረሻው ፈተና ከአራት መቶ ዓመት በፊት፣ በባሮክ ዘመን ስለተሳለ የአንዲት ንግሥት ሥዕል ክፍሉ ፊት ቆሞ መናገር ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል።

የሥዕሉን ቅጂ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር ወደምሠራበት ምግብ ቤት ይዤው ሄድኩ። አገር ቤት ዲያቆን የነበሩ አንድ የታክሲ ሾፌር ምሳ ላይ ነበሩና አሳየኋቸው። ንግሥቲቱ ፊት ለፊት ታየናለች። አጠገቧ የቆመችው ሴት ግን የተሳለችው በጎን ነው፤ መስተዋት ይዛለች፣ ክንዷ ላይ እባብ ተጠምጥሟል።

«ዓይኗ ስንት ነው?» አሉኝ።

«አንድ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ? ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ጫማሽን ነው የምታዪው? ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ከሃዲ በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው። ይቺ ንግሥቲቱን ልትሸጣት ነው።»

እባቡም ስላለ አልተጠራጠርኩም። እንዳሉኝ ጻፍኩ፤ በፈተናው ቀንም ከወረቀቱ ቀና ሳልል አነበብኩት።

መምህሯ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ፣ በዚያ ዘመን ሠዓሊዎች የነገሥታትን መልካም ጠባይ በሰው መልክ ይስሉ እንደነበር ነገረችን። ሴትዮዋ የንግሥቲቱ አስተዋይነት ናት። መስተዋቱ ራስን ለማወቅ፣ እባቡም ለጥበብ ነው።

«ከዳተኛ ናት ያልሽው ከምን ተነስተሽ ነው?» አለችኝ።

መጽሐፍ ላይ አየሁ ማለት እችል ነበር። ግን ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ ሁለት ፊት ሣልኩ፤ አንዱን ሙሉ፣ ሌላውን በጎን። በአገሬ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ይሁዳ እንዴት እንደሚሳል፣ ክርስቶስን የሰቀሉት ወታደሮችም ለምን አንድ ዓይን ብቻ እንዳላቸው አስረዳሁ። ስንት ደቂቃ እንደተናገርኩ አላውቅም። ስጨርስ ድምፄ እንዳልጠፋ ገባኝ።

መምህሯ የሣልኩትን ደብተሯ ላይ ገለበጠች። «ሁለቱን የአሳሳል ሕግ ጎን ለጎን አድርገሽ እንደገና ጻፊው። አልፈሻል» አለችኝ።

በማግስቱ ለጋሼ ነገርኳቸው። ጉርሻቸውን አላምጠው ሌላ ጠቀለሉ።

«የእባብ ብልህነትማ እኔም አላጣሁትም» አሉ። «ግን አስተዋይ ከሆነች፣ ዞር አድርገው ሁለተኛ ዓይኗን ቢስሉላት ምን ነበረበት?»

በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። ውኃ ቀዳሁላቸውና የራሴን ምሳ ይዤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።