ወገበ ቀዩ ብል

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከሃይማኖቴ እኩል የማምን ሰው ነኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህማ ብሶብኛል።

የታች ፎቅ ጎረቤቴ የሟች አባቴን ግራጫ የሱፍ ኮት ተውሳኝ ነበር። ባሏ ለወንድሙ ልጅ ሚስት ሊጠይቅ ሽምግልና ሲሄድ እንዲለብሰው ነው። በሳምንቱ አጣጥፋ መለሰችልኝ፤ እኔም ሳልዘረጋው ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ከወር በኋላ ሳወጣው ደረቱ ላይ ምስር ምስር የሚያካክሉ ሦስት ቀዳዳዎች አገኘሁ። ሰውየው አጫሽ ነው። የሲጋራ ፍም ነው ብዬ ፈረድኩ። ብል እንዳልል ሣጥኑን በናፍታሊን ሞልቼዋለሁ። የአባቴ የቀረኝ ልብስ እሱ ብቻ ስለነበር አንጀቴ አረረ።

ከዚያ በኋላ ግቢ ውስጥ አብራኝ በርበሬ ስታሰጣ የኖረችውን ይህችን ጎረቤቴን ደረጃ ላይ ሳገኛት ፊቴን አዞር ጀመር። «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ምንም» አልኳት።

አንድ ቅዳሜ ቤት ስጠርግ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቆሻሻ ግድግዳው ላይ ስትሄድ አየሁ። ልጠርጋት ስል ጭንቅላት አወጣች፤ ለካ የብል ትል ናት። ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከትቼ እንደ ሌባ ስጠብቃት ሰነበትኩ። የእሳት እራት መብራት ይወዳል፤ ብል ግን ክንፍ አውጥቶም ብርሃን ይሸሻል። ልብስ የሚበላው በትልነቱ ነው። ከበላው ሱፍ ክር እየቆረጠ ከረጢት ይሠራና ተሸክሞት ይዞራል፤ ሲያድግ በሁለቱም ጫፍ ይቀጥልበታል። መሃሉ እንግዲህ የልጅነቱ ነው።

የዚች ጫፎቿ ግራጫ፣ ወገቧ ቀይ ነበር። ከእነሱ ቤት ከኮቱ ጋር መጥታ ይሆናል ብዬ ጥቂት ተጽናናሁ። ከዚያ ከኮቱ ሥር የማስቀምጠው ቀይ የሱፍ ሻርፔ ትዝ አለኝ። ሳወጣው ወንፊት ሆኗል፤ ናፍታሊኑም ለካ ተንኖ አልቋል። ብሏ የእኔው ናት፤ ከሻርፔ ጀምራ ነው ኮቱ ላይ የወጣችው።

ክብሪቱን ይዤ ወረድኩና ሁሉንም ነገርኳት። በጣም አፍሬ ነበር።

«ገምቼ ነበር» አለችኝ። «ቀዳዳውንኮ ገና ስትሰጪን አይተነዋል። የአባትሽ ነውና እንዳትሸማቀቂ ብለን ዝም አልን። እሱም ሽምግልናውን የዋለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች ‹እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ነው› ብለው ልጅቷን ሰጡን።»