በገመድ ተስበን ቡሬ የገባን ዕለት

ፍኖተ ሰላም፣ ንጋት

በግቢያችን አራት ሰዎች ነበርን። ባለቤቴ አቶ አያሌው ከመሪው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ክራንቻቸው ከጎናቸው ባለው ወንበር ላይ ተጋድሟል። መካኒኩ ስንታየሁ ኮፈኑን ከፍቶ እስከ ወገቡ ሞተሩ ላይ ተደፍቷል። ጎረቤታችን ወይዘሮ የሺ የግቢው በር እንዳይዘጋብን በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች። እኔ ከመኪናዋ ኋላ ነኝ፤ በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በአንድ እጄ የሙዝ ዘንቢል ይዣለሁ።

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ትናንት ማታ ተከፈተ ተባለ። ነገም ክፍት ይሆናል ብሎ የሚምል የለም። የባለቤቴ ታላቅ እህት እት ዘነቡ፣ እናታቸው ከሞቱ በኋላ አዝለው ያሳደጓቸው፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች መንደር ታመው ተኝተዋል። ልጃቸው ደውሎ «አፌ ሳይያዝ አያሌውን አሳዩኝ ትላለች» አለን። የምንሄደው ለዚህ ነው።

ባለቤቴ ግራ እግራቸው ከጉልበት በላይ ከተቆረጠ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ይህችን አሮጌ ትንሽ መኪና የገዙትም ያኔ ነው። አውቶማቲክ ናት፤ ፍሪሲዮን ስለሌላት ግራ እግር አትጠይቅም። ከክረምቱ ማግስት ጀምሮ ግን ማርሽ መቀየር እንቢ ብላለች። በአንደኛው ትጮኻለች፣ ትጮኻለች፤ ከብዙ ልመና በኋላ ሁለተኛውን ስትይዝ እንደ በቅሎ ትራገጣለች።

«ዘይቷ ጎድሏል፤ ጠቁሯልም» አለ ስንታየሁ። «የእሷ ቀዩና ቀጭኑ ዘይት ነው። ከባሕር ዳር ነበር የሚመጣልኝ። አሁን ያለኝ ይቺው ናት።» የጠርሙስ ትራፊ ጨመረላት። ቀጥሎ ከሞተሩ ወደ ማርሽ ሳጥኑ፣ ወደ ካምቢዮው፣ የሚወርድ ቀጭን የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ አገኘ። «ማርሽ የምትቀይርበትን ጊዜ የምታውቀው በዚህ ነው፤ አየር እያስገባ አሳስቷታል» ብሎ በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቁራጭ ጠቀለለና በሽቦ አሰረው።

ወይዘሮ የሺ ከበሩ ሆና፣ «አገሩ ሁሉ በሚኒባስ እየሄደ አንቱ በዚች! አይ ጋሽ አያሌው!» አለች።

«ሚኒባሱ መንደር አይገባም። ከአስፋልት ወዲያ በሰው ትከሻ ነው» አሉ ባለቤቴ። «እህቴ ደጅ እንደ እህል ጆንያ አልወርድም።»

ከከተማው ስንወጣ ማርሹ ተቀየረ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ እንደ ድሮዋ። ባለቤቴ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ።

ማንኩሳ፣ ረፋድ

የበቆሎው ራስ ተለቅሞ አገዳው በየማሳው ቆሟል። በየአጥሩ ሥር በርበሬ ተሰጥቷል፤ ከሩቅ ቀይ ጨርቅ ይመስላል፣ ሲቀርቡት ያስነጥሳል። መንገዱ ላይ ከወትሮው ሰው ይበዛል። ታፍኖ የሰነበተ ሁሉ ዛሬ ወጥቷል፦ ኩንታል የጫነ ጋሪ፣ በሽተኛ የያዘ ባጃጅ፣ ፍየል የሚጎትቱ ሴቶች።

ሞተሩ እንዲበርድ ማንኩሳ ላይ ቆመን ሻይ በድፎ ዳቦ ቀመስን። የሻይ ቤቷ ባለቤት መንገዱ በተዘጋ ሰሞን ስኳር ጠፍቶ እንደነበር፣ ሲገኝም ዋጋው እንደማይቀመስ ነገረችኝ። «ስንት ቀን ጨው እየጨመርን ጠጣን» አለች።

ልንሄድ ስንል ከመኪናዋ ሥር ትሪ የሚያህል እርጥብ አየሁ። ባለቤቴ በክራንቻቸው ጫፍ ነክተው አሸተቱት። «ተቃጥሏል» አሉ። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ አውጥቼ በጨርቅ ጠረግሁና መልሼ ከተትሁ። ዘይቱ ጫፉን ብቻ ነካ።

«ምን ይሻላል?» አልኋቸው።

«መመለሻውም ያው ይህንኑ ያህል መንገድ ነው። ግቢ።»

ከማንኩሳ ማዶ፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል

አንድ ዳገት አጋማሽ ላይ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን ቀስ እያለች ቆመች። ባለቤቴ የማርሹን ዘንግ ወደ ዝቅተኛው ሳቡት፤ አልያዘም። ወደ ኋላ ማርሽ ሞከሩ፤ እሱም የለም። አጥፍተው ቆዩና እንደገና አስነሡ። ሞተሩ ደህና ነው። ኃይሉ ጎማው ዘንድ አይደርስም።

ከማሳ የሚመለሱ ገበሬዎች ከበቡን።

«ምን ነካት አባባ?»

«ማርሽ እንቢ አለች።»

«ጠምደን ብናርስባትስ? ሣር አትበላ፣ ውኃ አትጠጣ።»

«ማርሽ ካልቀየረች ትልም ጫፍ ስትደርስ ማን ያዞራታል?» አለ ሌላው። ሳቁ። ባለቤቴም ፈገግ አሉ። ሰዎቹ ገፍተው ከመንገዱ ዳር አስያዙልን።

ጥቂት ቆይቶ በርበሬ የጫነ ኢሱዙ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ እንድሪስ ይባላል፤ የቡሬ ነጋዴ ነው፤ የጫነውም የራሱን በርበሬ ነው። በእኛ አገር የቆመ መኪና አይቶ ማለፍ ነውር ነው፤ ገመድ ሳይዝ የሚወጣ የጭነት ሹፌርም የለም። ስለ እት ዘነቡ ስነግረው አላስጨረሰኝም።

«እማማ፣ እኔ እያለሁ? ቡሬ ጋራዥ አስገባችኋለሁ፤ ሠርቷችሁ ዛሬውኑ ትደርሳላችሁ።» ገመዱን ከኢሱዙው ኋላ ከመኪናችን ፊት አሰረ። «ጋሼ፣ ሞተሩን ያጥፉት፤ ነዳጅ ለምን ይቃጠላል? ማርሹን ዜሮ ያድርጉና መሪዎን ይያዙ። ዛሬ ሹፌርዎ እኔ ነኝ።»

«አንተ ካልህ» አሉ ባለቤቴ። መንገድ ላይ የቆመ መኪና ሁሉ እንዲህ ነው የሚሄደው፤ ሌላ መንገድ አይተን አናውቅም። ገበሬዎቹ መረቁን። እኔም እግዜር ይስጥልኝ አልሁ።

እንድሪስ ፈጥኖ ነዳ፤ ለእኛ ብሎ ነው። ባለቤቴ ዓይናቸውን ከገመዱ አልነቀሉም። ሲላላ ፍሬን ይነካሉ፣ ሲወጠር ይለቃሉ። ቡሬ ልንገባ ስንል ከእግራችን ሥር የተቃጠለ ቀንድ የመሰለ ሽታ መጣ። የፍሬን ነው አልን።

ቡሬ፣ ከቀትር በኋላ

ከተማው በገበያ ተጨናንቋል። የበርበሬ ኩንታል እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ተደርድሯል፤ ባጃጆቹ በመካከሉ ይሹለከለካሉ። ጋራዡ ወደ ነቀምት በሚገነጠለው መንገድ በኩል ነው። ባለጋራዡ አቶ ጌጡ ጎበዝ ነው ይሉታል። እኔ ክራንቻውን አቀበልኋቸው፤ ባለቤቴ ወርደው ከግድግዳው ተደግፈው ቆሙ።

አቶ ጌጡ ከሥር ገብቶ የካምቢዮውን ዘይት ማውጫ ፈታ። የወጣው ጭልፋ አይሞላም። ከሥሯ ሲወጣ መዳፉን ለፀሐይ ዘርግቶ አሳየን። ዘይቱ ጥቁር ነው፤ ውስጡ ደቃቅ ብረት ያብረቀርቃል።

«ከየት ነው የተሳበችው?»

«ከማንኩሳ ወዲህ፣ ከዳገቱ» አለ እንድሪስ።

«ጎማዋ መሬት ላይ እየዞረ?»

«አዎ።»

«ሞተሩስ ይሠራ ነበር?»

«ጠፍቶ ነበር» አሉ ባለቤቴ።

አቶ ጌጡ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አውቶማቲክ ዘይቱን የሚረጭላት ሞተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ጎማው ይዞራል፣ ካምቢዮው በደረቁ ይፋጫል። ስትቆም ምናልባት ዘይትና ቱቦ ነበር የሚያስፈልጋት። አሁን ውስጧ አልቋል።»

«ለዛሬ ብቻ የምትሄድበት ነገር የለም?» አልሁት።

«እትዬ፣ ለዛሬም የለም። ዕቃውም ካገር አይገኝም።»

«እኔ ነኝ የገደልኋት» አለ እንድሪስ።

«ተው ልጄ» አሉ ባለቤቴ። «እሺ ብዬ ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

የእት ዘነቡ ልጅ ደወለ። የት ደረሳችሁ አለ። ቡሬ ነን አልሁት። «ቶሎ በሉ። ድምፅዋ እየጠፋ ነው፤ በር በተንኳኳ ቁጥር አያሌው ነው ትላለች» አለ።

እንድሪስ በርበሬውን እንደጫነ እስከ መንደሩ ሊያደርሰን ተነሣ። የኢሱዙው በር ከፍ ያለ ነው። ባለቤቴ በአንድ እጃቸው በሩን ይዘው ቀኝ እግራቸውን መርገጫው ላይ ለማውጣት ዘለሉ። አልደረሰም። ሁለተኛ ሞከሩ፤ ክራንቻው ወደቀ፣ እሳቸውም በጎናቸው ተንሸራተው ወረዱ። አቶ ጌጡና እንድሪስ በብብታቸው ሊይዟቸው ተጠጉ።

«አትንኩኝ» አሉ።

ሁለቱም ወደ ኋላ አሉ። ክራንቻቸውን አነሣሁላቸው። ተቀብለውኝ ወደ መኪናቸው ተመለሱና ከመሪው ኋላ ተቀመጡ። ሞተሩን አስነሡ፤ በአንዴ ተነሣ። የማርሹን ዘንግ ወደ መሄጃው አወረዱ፣ ወደ ኋላ ማርሽ መለሱ፣ እንደገና አወረዱ። መኪናዋ አልተነቃነቀችም።

በመስኮቱ ጎንበስ አልሁ።

«ይያዙዎትና ይግቡ» አልሁ። «የሚያይዎት እኮ ሰው ሁሉ አይደለም፤ እህትዎ ናቸው።»

«እሷ ስለሆነች ነዋ።»

«ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

«ማርሿ ተበላሸ በያት።»

«ለምትሞት ሴት?»

እጃቸው ከማርሹ ዘንግ ላይ አልተነሣም።

እስክመለስ እንዲበሉት ሙዙን ከጎናቸው አስቀመጥሁ። ቦርሳዬን ይዤ ኢሱዙው ላይ ወጣሁ፤ እንድሪስም ነዳ።