ሰው ይዘው ይምጡ

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ... አንዲት እናት ከእንጦጦ ማርያም ወርደው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

የምሠራው አንድ የባህል ሙዚየም መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ፎቅ ላይ ዕቃና ፎቶ ይታያል፤ ስለ ዕቃውና ስለ ፎቶው የተጻፈው ወረቀት ደግሞ ምድር ቤት እኔ ጋ ነው። ወደ እኔ የሚወርደው አብዛኛው ጎብኚ ሽንት ቤት የጠፋበት ነው።

እማማ ግን ቁጥር ይዘው ነው የመጡት። ቀደም ሲል ከማኅበራቸው ሰዎች ጋር ሲጎበኙ፣ ግድግዳው ላይ በቅሎ የያዘ ወጣት ፎቶ አይተዋል። ከሥሩ ያለው «በቅሎ ጫኝ» የሚል ጽሑፍና ቁጥር ብቻ ነው።

«ወንድሜ ነው» አሉኝ። «በደርግ ጊዜ ከፈረንጅ ተመራማሪ ጋር እንደወጣ ቀረ። ወረቀቱ ያውቅ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ቁጥሩን ተከትዬ ፋይሉን አወጣሁና እዚያው ቆሜ ገለጥኩት። የጉዞ ማስታወሻ... የበቅሎዎች ዝርዝር... መጨረሻ ላይ አንድ ደብዳቤ። ወንድማቸው በወባ ታሞ አርፏል። የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ተጽፏል። ደብዳቤው ለቤተሰቡ ነበር፤ የላከው ግን የለም።

ቀና ስል እማማ ፊቴን ያያሉ።

ሥራዬ ወረቀት ማሳየት ነው። ግን መርዶ እንዲህ አይነገርም። በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው እንጂ፣ ብቻቸውን ለመጡ እናት ምድር ቤት ውስጥ አይነገርም። ፈራሁ።

«እማማ፣ ፋይሉ ያልተሟላ ነገር አለው። ዓርብ ጠዋት መታወቂያ ይዘው ይመለሱ» አልኩ። «ደግሞ... ልጆችዎንም፣ ጎረቤትም፣ ሰው ይዘው ይምጡ። መመሪያ ነው።»

እንዲህ የሚል መመሪያ የለም። እማማ «እሺ ልጄ» ብለው ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጡ። አመኑኝ ብዬ በራሴ ኮራሁ። አለቃዬ ሲሰማ «የምን መመሪያ ነው የምታወጪው?» ብሎ ተቆጣኝ።

ዓርብ ቢሮ ስደርስ በሩ ላይ ሰው ሞልቷል። ሁለት ልጆቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸው፣ የዕድራቸው ዳኛ። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«ማን ነገረዎት?» አልኩ ደንግጬ።

«አንቺ ነሻ! ለአንድ ወረቀት ጎረቤት ሰብስቢ የሚል መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ። «በይ አሁን አንብቢልኝ። የት እንደተቀበረ ልወቅ።»

አነበብኩላቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ስም ላይ ስደርስ እማማ አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። የዕድሩ ዳኛ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ወረቀት ላይ ገለበጡ። እኔም ፎቶው ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ የሟቹን ስም አስገብቼ እንደገና ጻፍኩት።

ሊወጡ ሲሉ እማማ ተመልሰው ከጉያቸው የሆነ ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። መታወቂያቸው ነው።

«ያዢው እንጂ» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ «መመሪያ ነው ብለሽ የለ?»