እትዬ ባትሪ ቫልቭ ሲቀይሩ

ሰፈሩ «እትዬ ባትሪ» የሚላቸው በሌላ አይደለም፤ ሟቹ ባለቤታቸው የተበላሸ ነገር ሲፈቱ ባትሪ የሚያበሩላቸው እሳቸው ስለነበሩ ነው። ባልየው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ እንኳን መኪና፣ የጎረቤት ሰዓት ሲቆም እንኳ ካልፈታሁ የሚሉ። እትዬ ባትሪ ከጎናቸው ቁጢጥ ብለው ያበራሉ። ትንሽ ዘንበል ካለባቸው «ወዴት ነው የምታበሪው? ጣሪያው ነው እንዴ የተበላሸው?» ይባላሉ። እንዲህ ሲባል የኖረ ዓይን ታዲያ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ያየውን ሁሉ ይዟል።

በዚህ ሳምንት የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጠፍቶም ውሃ መሙላት ጀመረ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ብቻ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ኩሬ ሆኖ ጠበቃቸው። ልጃቸውም የደወለው ልክ ወለሉን ሲወለውሉ ነው።

ልጅየው እናቱን ይወዳል፤ ችግሩ ፍቅሩ ሁሉ ዕቃ መጫን ላይ ነው። አባቱ ካረፉ ወዲህ ብቻሽን መኖር ይብቃሽ፣ ቤቱን እናከራየውና እኛ ጋ ነይ ማለት ሥራው ሆኗል። የኩሬውን ነገር ሲሰማ ደግሞ ቅዳሜ የጭነት መኪና ይዤ እመጣለሁ አለ። እትዬ ባትሪ አልተቆጡም። ማሽኑን ራሴ ካልሠራሁት ዕቃዬን ጫን፣ ከሠራሁት ግን ይህን ወሬ ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ አሉት። ሳቀና ተስማማ። የቆጠቆጣቸው ሳቁ ነው። ያንን ቤት ለቆ መውጣት ለእሳቸው ባላቸውን ሁለተኛ ጊዜ እንደ መቅበር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወገባቸውን ጠበቅ አድርገው ገቡበት። ሶኬቱን ነቀሉ፣ ሁለቱን ቧንቧዎች ዘጉ፣ ማሽኑን ከግድግዳው ስበው የጀርባውን ክዳን በካቻቢቴ ፈቱ። የሚያበራላቸው ስለሌለ ባትሪውን በጥርሳቸው ነከሱት። ቫልቩ እዚያው ነው፤ ሁለት አፍ ያለው ፕላስቲክ፣ ቀዩ አፍ ለሙቅ፣ ሰማያዊው ለቀዝቃዛ። ሥራው ማሽኑ ሲያዘው ውሃ ማስገባት፣ ሲበቃ መዝጋት ነው። ይሄኛው መዝጋቱን ትቶታል፤ ምትኩን ትናንት ከመለዋወጫ ሱቅ ገዝተዋል።

ቱቦዎቹን ሊፈቱ ሲሉ እጃቸው ቀጥ አለ። ከሙቅ ውሃው የሚመጣው ቀይ ቱቦ የታሰረው ሰማያዊው አፍ ላይ ነው፤ ሰማያዊው ደግሞ ቀዩ ላይ።

በዚህ ቤት ቀዝቃዛ የፈለገ ሰው ማዞሪያውን «ሙቅ» ላይ ያደርጋል፣ ሙቅ የፈለገ «ቀዝቃዛ» ላይ። ልጁም ያደገበት ሕግ ነው። እትዬ ባትሪ ገና ማሽኑ እንደተገዛ ቱቦው ተቀያይሮ እንዳይሆን ብለው ነበር። ባልየው ግን ጽሑፉን ያዛባው ፋብሪካው ነው ብለው ድርቅ አሉ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ማሽኑ የተገጠመ ዕለት እትዬ ባትሪ ገበያ ሄደው ነበር። ባትሪ ያዡ ከሌለ እንግዲህ እንዲህ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኸው ተያዝክ» አሉ፤ ሳቃቸው ባትሪውን ከአፋቸው አስጣላቸው።

ሽቦዎቹ እንዳይምታቱባቸው አንዱን ከአሮጌው እየነቀሉ ወዲያው አዲሱ ላይ ሰኩ፤ ይህ የባልየው ብልሃት ነው፣ የሰውዬው ሁሉ ነገር ስህተት አልነበረም። ቀዩን ቱቦ ቀዩ አፍ ላይ፣ ሰማያዊውን ሰማያዊው ላይ አጠበቁ። ጋዜጣ ከሥር አንጥፈው ቧንቧዎቹን ከፈቱ። ጋዜጣው ደረቅ ነው።

ለሙከራ የሚለበስ ልብስ አይገባም ብለው የባልየውን ሰፊ የሱፍ ሹራብ ከቁም ሳጥን አወጡ። ሱፍ ቀዝቃዛ ይወዳል፤ ሙቅ ያኮማትረዋል። እጃቸውም እንደ ልማዱ ማዞሪያውን «ሙቅ» ላይ አደረገው።

ልጅየው ሲደርስ ማሽኑ ጨርሶ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ ጋዜጣውን በጣቱ ነካ፤ ደረቅ። ጠፍቶ ይሞላ እንደሆነ ብሎ ጠበቀ፤ ጠብ የሚል የለም። ቀና ሲል እናቱ የአባቱን ሹራብ ይዘው ቆመዋል፤ ግማሽ አክሏል።

«እማዬ፣ አየሽ፣ ለዚህ እኮ ነው የምልሽ» አለ ቀስ ብሎ።

«ማሽኑ ልክ ነው። የተሳሳተው እጄ ነው፤ እሱንም ያስለመደን አባትህ ነው።»

የቱቦውን ነገር ሲነግሩት ልጅየው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እሳቸውም አለቀሱ፤ የእሳቸው ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም፣ ሰውየው ናፍቀዋቸዋል። ሹራቡን ትከሻቸው ላይ ለኩት። ድሮ ሲለብሱት እጅጌው ጣታቸውን ይውጠው ነበር፤ አሁን አንጓቸው ላይ ቆመ።

«ሲደርቅ የኔ ልክ ነው» አሉ።

ልጅየው ደጅ የቆመውን የጭነት መኪና ባዶውን ሸኘው። እሳቸው ሶኬቱን ነቅለው፣ ክዳኑን ሊገጥሙ ካቻቢቴውን አንስተው ቁጢጥ አሉና ባትሪውን ወደ ኋላ አቀበሉት። ከጎናቸው ሆኖ አበራ፤ ዓይኑ ግን ከእናቱ ፊት ሊነሳ ስላልቻለ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ወጣ።

«ወዴት ነው የምታበራው?» አሉት። «ጣሪያው ነው እንዴ የተበላሸው?»