ዶሮው እስኪበስል

የያዙኝ ሄግ ውስጥ ነው። የጥገኝነት ጥያቄያችን ውድቅ የተደረገብን ሰዎች ተሰብስበን በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተቀምጠን ነበር። ተነሱ ሲሉን አልተነሳንም። ሁለት ፖሊሶች ብብቴን ይዘው አነሱኝና ከሮተርዳም ወጣ ብሎ ወዳለ ቦታ ወሰዱኝ። ማቆያ እንጂ እስር ቤት አይደለም አሉኝ። የክፍሉ በር ግን ከውስጥ በኩል እጀታ አልነበረውም።

ታችኛው አልጋ ላይ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ተቀምጠዋል። «ግቢ ልጄ፤ መስኮቱ አይከፈትም፣ ትለምጂዋለሽ» አሉኝ በአማርኛ። እማማ እላቸው ጀመር።

እማማ የአስመራ ሰው ናቸው። አማርኛውን የለመዱት አዲስ አበባ በኖሩበት ዘመን ነው፤ ጣጣቸውም ከዚያ መጣ። አማርኛ ስለሚናገሩ ኤርትራዊት አይደሉም፣ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ ተብሎ ተወስኖባቸዋል።

ልጅ ሳሉ እናታቸው ከየመኗ ኤደን የመጣ አንድ አይሁዳዊ ነጋዴ ቤት ምግብ ያበስሉ ነበር። በዚያ ቤት አርብ አርብ የሚጠበሰውን ዶሮ እማማ አጠገባቸው ቆመው ተምረዋል። በማቆያው ከሰዓት በኋላ የጋራ ማእድ ቤት ለአንድ ሰዓት ይከፈትልን ነበርና አንድ አርብ ይህንኑ ሊሠሩልን ከግቢው ሱቅ ዶሮ አዘዙ። ጠዋት ላይ ግን ዘብ መጥቶ፣ ከሰዓት ጉዳያቸውን የያዘው ሰው የሚፈረም ወረቀት ይዞ እንደሚመጣ ነገራቸው። ከፈረሙ በሳምንት ውስጥ ያሳፍሯቸዋል። ማብሰሉን እንተወው ብላቸው «ለምን ብዬ?» አሉ።

ዶሮውን በጨው አሽተው፣ ደሙ እስኪወጣ አቆይተው አጠቡት። ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ከሙንና ቁንዶ በርበሬ በሎሚ ለውሰው ቀቡት። ከቁርስ የተረፈች ቅቤ ላቀብላቸው ስል እጄን ያዙኝ። እነዚያ የነጋዴው ቤት ሰዎች ሥጋና የወተት ነገር አያገናኙም፣ ቅቤ ከነካው የእነሱ ዶሮ መሆኑ ይቀራል አሉኝ። ዘይቱ ሲግል የመጀመሪያውን ቁራጭ ጨመሩ። ሁልጊዜ የወለል ማጽጃ የሚሸተው ኮሪደር ከሙን ሸተተ። ሴቶቹ ከየክፍላቸው እየወጡ መጡ።

ሰውየው የመጣው ይሄኔ ነው። ትሑት ሰው ነበር። የስልክ አስተርጓሚ ስላላገኘ፣ እኔ ደች እንደምችል ሰምቶ እንዳስተረጉምለት ጠየቀኝ።

«ምን ይላል?» አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ከመጥበሻው ሳያነሱ።

«ወረቀቱ፣ ኢትዮጵያዊት ነኝ፣ በፈቃዴ እመለሳለሁ ይላል።»

ቁራጩን ገለበጡት። «ይህን ዶሮ የት እንደተማርኩ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። አልፈርምም በይው።»

ነገርኩት። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ካልፈረሙ እስሩ እንደሚረዝምባቸው፣ በዚህ ዕድሜ እንደማይችሉት፣ እኔ ብመክራቸው እንደሚሰሙኝ አወራኝ። መተባበሬ ለእኔም ጉዳይ መልካም እንደሆነ ጨመረበት። ጉዳዬ በእነሱ እጅ ነበር።

«የተባለውን አስተረጉማለሁ። ማባበል ግን የእኔ ሥራ አይደለም» አልኩት።

ወደ ዘቡ ዞሮ ሰዓቱ አልቋል፣ ምድጃውን አጥፋ አለው። እማማ ቋንቋውን ባይሰሙም ነገሩ ገብቷቸዋል።

«ዶሮው አልበሰለም በይው።»

እሱንም አስተረጎምኩ። ከዚያ በምድጃውና በዘቡ መካከል ገብቼ ቆምኩ። ዘቡ አየኝ፣ መጥበሻውን አየ፣ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

አንሶላ ጠረጴዛው ላይ አንጥፈን ተቀምጠን በላን። ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ሎሚው ምላስ ይቆነጥጣል። እማማ ለሰውየውም በሳህን አቀረቡለት። አልበላም። ወረቀቱን ሳይፈረም አጥፎ ሄደ።

እኔ ሦስት ቀን ከክፍሌ እንዳልወጣ ተቀጣሁ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ለቀቁኝ። እማማን ዘጠኝ ወር አቆይተው ከበር አስወጥተው ለቀቋቸው። ዛሬ ዴልፍት ከተማ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ይኖራሉ። ወረቀት እስካሁን የላቸውም፤ አልሄዱምም።

እኔ አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት በሚባል ሰፈር እኖራለሁ፤ አረጋውያን እንከባከባለሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘሁ ጊዜ ጠበቃዬ የዶሴዬን ግልባጭ ሰጠችኝ። የዚያን አርብ ማስታወሻ አንድ መስመር ናት፦ ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለችም። ጠበቃዬ ይህ ለወደፊቱ እንዳይጎዳሽ እንዲሰረዝ ልጠይቅልሽ አለችኝ።

እንዳትነኪብኝ አልኳት።