የመናፈሻው ሣር በልጄ ወገብ ላይ

ሰቆጣ ማዘጋጃ ቤት አጠገብ የነበረችውን መናፈሻ የምጠብቃት እኔ ነበርኩ። መናፈሻ ትባል እንጂ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ዳርና ዳሩ ኖራ በተቀባ ድንጋይ የታጠረ መንገድ፣ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ረጅም ሣር ነበራት፤ ሌላ ምንም አልነበራትም። በደርግ ጊዜ ነው። ያን ዓመት ክረምቱ ከዳን። ከእኛ በታች ቆላው ዝቋላ ውስጥ ፍየሉ እያለቀ ነው ሲባል እኔ ሣሩን በበርሜል ውኃ አጠጣለሁ፤ ለአብዮት በዓል እንግዳ ስለሚመጣ እንዳይደርቅ ተብያለሁ። ሰው የሚጠጣው አጥቶ ሣር ማጠጣቱ ያበግነኝ ነበር። ግን ማን አፉን ይከፍታል? በዚያው ሰሞን የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ሞተሩ ስለተበላሸበት ብቻ «አሻጥረኛ» ተብሎ ተወስዷል። ሚስቱ ስንቁን የት እንደምታደርስ እንኳ የሚነግራት አላገኘችም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሻደይ ደረሰ። ልጃገረዶች ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው በየደጁ የሚጨፍሩበት በዓላችን ነው። በድርቁ ግን ወንዝ ዳር እንኳ እርጥብ ነገር ጠፍቶ ነበር። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ሥራ ስገባ የሣሩ ጥግ ተላጭቶ ጠበቀኝ። ፍየል ነው እንዳልል በማጭድ የታጨደ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከበሮ ሰማሁና ወጣሁ። ልጆቹ የቀበሌው ሊቀመንበር ደጅ ላይ ይጨፍራሉ። ከሁሉም ፊት የምትዘለው የእኔው ልጅ ናት፤ ወገቧ ላይ የመናፈሻው ሣር። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን እንደታጠቀ ያጨበጭባል። እኔን አጥሩ ሥር ላብ አጠመቀኝ። የገዛ ልጄን ማየት ፈራሁ።

«ይህ ሁሉ ልምላሜ ከየት ተገኘ?» አለ ሊቀመንበሩ ድንገት።

ከበሮው ቆመ። ልጄ ዞራ አየችኝ፤ እሱም ዓይኗን ተከትሎ አየኝ።

«ከሰሃላ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ዘመድ ልኮልን ነው» አልኩ።

ከሰሃላ ድረስ ቀናት በእግር ተጉዞ የመጣ ሣር እንዲህ እርጥብ እንደማይሆን እሱም ያውቃል። ጠጋ ብሎ ልጄ የታጠቀችውን በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ለአብዮት በዓል ይደርሳል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይደርሳል።»

«ባይደርስ ታውቃለህ።»

ለቤት የተቀዳውን ውኃ ሳይቀር አፈሰስኩበት። በየማለዳው ጎንበስ ብዬ በስንዝር እለካዋለሁ፤ እህል አልወርድልህ አለኝ። ደረሰ። እንግዶቹ ግን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት አለፉ።

በዓመቱ ዝናቡ ደህና ነበር። ሻደይ ሲደርስ ራሴ ወንዝ ወርጄ አንድ እቅፍ ለምለም አጨድኩላት። ትቦርቃለች ብዬ ነበር። ልጄ ሣሩን አልነካችውም። መጀመሪያ በሩን ዘጋች።

«አባዬ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ሲያጭዱ ሰው አላየዎትም?»